የዓሊዬ ፊት

አርብ አርብ፣ ከሥራ የሚያርፉበት ቀን ነውና፣ ትርፌ ለቀመር መጽሐፍ ታነብላታለች። ሁለቱም ሳውዲ፣ ደማም ከተማ ውስጥ አል መዝሩዒያ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ ያጸዳሉ፤ አል ባዲያ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከመቲ ጋር ሦስት ሆነው ይኖራሉ። ቀመር ፊደል አልቆጠረችም። መጽሐፉም አንድ ብቻ ነው፤ የመውጫ ቪዛዋ፣ ኹሩጁ፣ ወጥቶላት አገሯ የገባች ሴት የተወችላቸው፣ ስለ አንድ የጭነት መኪና ረዳት የሚተርክ ልብ ወለድ። ጨርሰውት እንደገና ጀምረውታል።

ቀመር ስታዳምጥ ዓይኗን ትጨፍናለች። መጀመሪያ ሰሞን ትርፌ የተኛች እየመሰላት ታቆም ነበር። ነገሩ የገባት ኋላ ነው። ቀመር በየመን በኩል ሊመጣ ተነስቶ ድምፁ የጠፋ፣ ዓሊዬ የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። ዓሊዬ በዕድሜው የተነሳው ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እሷው ራሷ ስትመጣ ደላሎች ከቀሟት ስልክ ጋር ሄደ። ፊቱ ከዓመት ዓመት እየደበዘዘባት መጥቶ ሳለ፣ ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ዘሎ ሲወርድ የተነበበላት ዕለት ቁልጭ ብሎ መጣላት።

«ወላሂ እሱ ነው፣ ትርፍዬ! እስቲ ድገሚልኝ» አለቻት።

ደራሲው ስለ ረዳቱ መልክ አንዲት ቃል አልጻፈም። ረስቶት ይሁን አውቆ፣ እንጃለት፤ ትርፌ ግን ስለዚህ ብቻ ትመርቀዋለች።

ታዲያ አንድ አርብ መቲ ጎረቤት ከተማ ኾበር ከምትሠራበት ቤት እየሮጠች መጣች። «መጽሐፋችሁ ፊልም ሆኗል!» ብላ ስልኳን በውሃ ጀሪካኑ ላይ አስደገፈችው።

«እኔ አላይም» አለች ቀመር።

«ምነው?»

«እንዲሁ። የራሴው ይበቃኛል።»

መቲ ሳቀች። «ኾበር ላይ ሰው ከፍሎ ሲኒማ ይገባል፣ አንቺ በነጻ እምቢ ትያለሽ?»

ትርፌም አግባቢ ሆነች። ጉሮሮዋ ደክሞት ነበር፤ ፊልሙም አምሯታል። «ያው ታሪክ እኮ ነው፣ ቀመርዬ። እንዲያውም አሁን በዓይንሽ ታይዋለሽ» አለቻት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ፣ የትርፌም ደግነት እንዲያ ያለ ነበር።

ፊልሙ ክፉ አልነበረም። ተዋናዩም ደስ የሚል ልጅ ነው፤ መቲ እስክትንሰቀሰቅ አልቅሳለታለች። ቀመር አላለቀሰችም። ሲያልቅ «ጥሩ ነው» ብላ ለሶላት ውዱእ ልታደርግ ተነሳች።

በሚቀጥለው አርብ ትርፌ መጽሐፉን ገለጠች፤ ቀመርም ዓይኗን ጨፈነች። ረዳቱ ሊዘል ሲል ግን «ቆይ» አለች። «የፊልሙ ልጅ ነው የመጣው።»

ትርፌ ያንኑ ገጽ ቀስ ብላ ደገመችው። አሁንም ያው ልጅ መጣ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሞከረችው።

«ኸላስ፣ ተይው» አለች ቀመር።

ትርፌ፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ። መጽሐፉን ዘግታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እሱ ይቅር። ዛሬ አንቺ ንገሪኝ። ዓሊዬን አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልስማ።»

ቀመር ግድግዳውን ተደግፋ አሰበች። «ጠይም ነው። ቁመቱ እኔን ያህላል። ሲስቅ...» ራሷም ፈገግ አለች። «ሲስቅ የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው።» ወዲያው ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ትርፌ፣ ፍንጭት የነበረው ዓሊዬ ነው ወይስ ያኛው?»

ትርፌ ዓሊዬን አይታው አታውቅም። ያኛውን ግን በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ ሲስቅ አይታዋለች፤ ፍንጭት ነው። መዋሸት አማራት። ለሰው ወንድም የሌላ ሰው ጥርስ መትከል ግን ከበዳት።

«ያኛው ነው» አለች።

ቀመር የትርፌን እጅ ያዘች።

«እንግዲያው የዓሊዬ ጥርስ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።