ሰው አልልክም

ካፒቴን ሉርሊን ስቶክሊ ሬዲዮኑን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስትሰማ ቆየችና፣ «አልሰማሁም፤ ድገምልኝ» አለች። ሰምታለች እኮ! አንዲት ቃል አላመለጣትም። ያን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ለመናገር አፉ ይደፍር እንደሆነ ማየት ፈልጋ ነው።

ደፈረ። «ሁለት ሰው ወደ መድረኩ ይላኩና በሰንሰለት ጠፍረዋት ይምጡ ነው ያልኩት» አለ የኩባንያው አለቃ ትሬንት፣ ካናቬራል ወደብ ካለው ቢሮው።

ከመርከቧ መስኮት ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፈው ሰው አልባ መድረክ ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። መድረኩ ላይ አሮጊቷ ቆማለች። መርከበኞቹ አሮጊቷ የሚሏት ቡስተሯን ነው፤ ሳተላይት ወደ ሰማይ ገፍታ ስታበቃ ተመልሳ በአራት እግሯ የምታርፈውን የሮኬቱን የታችኛውን ክፍል። ስንቴ ሄዳ ስንቴ ተመልሳለች፤ ከድስት ቂጥ የባሰ ጠቁራለች። ዛሬ ጠዋትም እሳቷን እየተፋች መጥታ መሃል ላይ ጉብ ብላለች። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባሕሩ ተቆጣ። ከሥሯ ገብቶ ግጥም አድርጎ የሚይዛት ማሽን፣ «ሸርጣኑ» የሚሉት፣ ከማደሪያው አልወጣም አለ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን የእሷው እሳት ለብልቦታል። መድረኩ ባዘነበለ ቁጥር የአሮጊቷ እግሮች እርጥቡ ብረት ላይ ይንሸራተታሉ።

እንግዲህ ፎቅ የሚያህል ብረት ከወዲያ ወዲህ በሚንሸራተትበት ሥር ነው ሰው ግባ የሚባለው። ወይ ጉድ!

«ትሬንት፣ እያየኋት ነው። እየተንሸራተተች ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው መጠፈር ያለባት! ካፒቴን፣ በሚቀጥለው ወር ትበራለች፤ ቀኗ ተቆርጧል። ከወደቀች የምንተካው የለንም።»

«ለሰዎቹስ የምትተካው አለህ?»

የትሬንት ድምፅ ተለወጠ። «ስሚ አንቺ ሴትዮ፣ ትእዛዝ ነው።»

እስከ ዛሬ እርስዎ ሲላት የኖረ፣ ከመጨረሻ ልጇ እንኳ የሚያንስ ሰው! ደሟ ፈላ። «አንቺን ለእኩያህ በል። ሰው አልልክም!» አለችና ሬዲዮኑን ጠረቀመችው።

ዞር ስትል ምክትሏ ቦይድ ታኬት በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን እንኳ ለብሶ ጨርሷል።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ። «ሸርጣኑ ሳይመጣ ማን ነበር የሚጠፍራት? እኔና ታሊ አልነበርን? ማሽን መጣ፣ ጥግ ያዙ ተባልን። እሰይ፣ ዛሬ ገመዱ ተቃጠለለት!»

«ያኔ ባሕሩ ተኝቶ ነበር፣ ቦይድ።»

«ፈርተው ነው፣ ሚስ ሉርሊን።»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ! ምን ይጠበስ? ወደ መድረኩ የምትወስደውን ጀልባ የነካ ሰው እጁን ነው የምሰብረው!»

ቦይድ ጃኬቱን አውልቆ ወለሉ ላይ ወረወረውና በሩን በላይዋ ላይ ዘግቶት ወጣ።

አሮጊቷ አልወደቀችም። ስትንሸራተት ስትንሸራተት ውላ፣ በመጨረሻ ባሕሩ ደከመውና ተወት አደረጋት። መድረኩን ጎትተው ወደቡ ሲገቡ በየምግብ ቤቱ በረንዳ ያለው ሰው የተጠበሰ ሽሪምፑን ትቶ እየተነሣ ለአሮጊቷ አጨበጨበላት። ትሬንት ነጭ የራስ ቁሩን ደፍቶ ወደቡ ላይ ይጠብቃቸዋል።

«ይኸው ቆማ ገባች!» አለ፣ ሉርሊን ገና ከመርከቧ ሳትወርድ። «ማን ተጎዳ? ማንም! በከንቱ ነው ያመፅሽው።»

«ማንም ያልተጎዳው ሥሯ ማንም ስላልገባ ነው! ይሄም ይነገራል እንዴ?»

«ዕቃሽን ሰብስቢ» አላት። ወደ ቦይድ ዞረ። «አንተ ልትሄድ ዝግጁ ነበርክ አሉ። ከሚቀጥለው ጉዞ ጀምሮ ካፒቴኑ አንተ ነህ።»

ሉርሊን ቦይድን ቀና ብላ አላየችውም። ካኮረፋት ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። ይሁንለት አለች በሆዷ። ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር ላይ ኖራ፣ በዚህ ትባረር!

ቦይድ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እሺ። ሸርጣኑ እንደገና አልወጣም ቢልስ?»

«ሰው ትልካለህ።»

«ካፒቴን ከሆንኩ እኔ መርከቧን ትቼ አልሄድም። ማንን ነው የምልከው?»

«ያገኘኸውን። ታሊንም ቢሆን።»

ገመድ ይጠቀልል የነበረው መርከበኛው ታሊ ስሙ ሲጠራ ቀና አለ። ከአጥሩ ወዲያ ሚስቱ ዴሎራ እጇን ታውለበልብለታለች። ቦይድ ታሊን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ሚስቱ ያቻት» አለው ትሬንትን። «ና፣ አብሬህ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ባልሽን ከሥሯ እንልከዋለን፤ እሱ ባይመለስ እንኳ አሮጊቷ ትመለሳለች በላት።»

«ቦይድ፣ ነገር አታጋን...»

«በላት እንጂ! በሬዲዮ መቼ አቃተህ?»

ትሬንት ወደ አጥሩ ተመለከተ። ዴሎራ ሰላም ሊላት መስሏት ለእሱም እጇን አውለበለበችለት። አንገቱን ደፋ።