የለተ ማርያም ድሪቶ

ለተ ማርያም ከአምባ ጊዮርጊስ መጥታ የደብተራ ወልደኢየሱስ ሚስት ስትሆን ይዛ ያልመጣችው ነገር ሙያ ነበር። አማቷ አባይነሽ ይህን ለማወቅ ሳምንት አልፈጀባትም። ጥጥ ትፈትላለች፣ ክሩ ይበጠሳል። ሰፌድ ትሰፋለች፣ ዙሪያው ተጣሞ ገብስ ያፈሳል።

«እጀ ሰባራ!» ትላታለች አባይነሽ፣ ጎረቤት እየሰማ። «እስከ ክረምት አንድ ሸጋ ነገር ካልሠራሽ አባትሽ ቤት ትገቢያለሽ።»

አባቷ ቤት የምትጠብቃት ደግሞ የእንጀራ እናቷ ናት። ባሏ ይህን ሁሉ እየሰማ ዜማውን ያጠናል።

ልጅቱ ሙያዋን ያገኘችው ልብስ ሰፊ ደጅ ነው። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በከተማው ልብስ ሰፊ በዝቶ ነበርና የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ለቅማ ቀዩን ከቢጫው፣ ካኪውን ከአቡጀዲው እያጋጠመች የአልጋ ልብስ ትሰፋ ጀመር። ድሪቶ የድሃ ልብስ ነው፤ የሷን ድሪቶ ግን ያየ ሁሉ ቆሞ ቀረ። በሕይወቷ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም።

አባይነሽን አንገበገባት። ምራት ስትመሰገን መስማት ለአንዳንድ አማት ከቁርጠት ይብሳል። ሟች ባሏ የደብሩ ገበዝ፣ የመቅደሱ ዕቃ ጠባቂ፣ ነበሩና ከመቅደስ የወጣ አሮጌ ግምጃ በሳጥናቸው ቀርቶ ነበር። የመቅደስ ጨርቅ ሲያረጅ ይቃጠላል እንጂ የሰው መኝታ አይሆንም።

«እንቺ ልጄ፣ ይህን መሀሉ ላይ አድርጊበት» አለቻት። ከየት እንደመጣ ግን አልነገረቻትም። ልጅቱ ጉልበቷን ስማ ተቀበለች። ወልደኢየሱስ በር ላይ ቆሞ አየ።

ድሪቶው ባለቀ በእሁዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባይነሽ ተሸክማው ደጀ ሰላም ገባች።

«ሳጥኔን ሰብራ የመቅደስ ግምጃ አልጋ ላይ አነጠፈች!»

ካህናቱ ለተ ማርያምን አስጠሯት።

«እማዬ ናቸው የሰጡኝ። እሱም አይቷል፣ ጠይቁት» አለች።

ወልደኢየሱስ እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ።

«እኔ ያየሁት የለም» አለ።

ግምጃውን በገዛ እጇ እንድትፈታ ፈረዱባት። ሰው ከቧት ስፌቱን በመርፌ ጫፍ ፈታች፤ እንባዋ እየወረደም ጨርቁን አልቀደደችውም። በማግስቱ በጭነት ማኪና ወደ አባቷ ቤት ሰደዷት።

ድሪቶውን ግን አልሰጧትም። አባይነሽ ቀዳዳውን በአቡጀዲ ደፍና አስቀመጠችው፤ በጥር ልጇን እንደገና ስትድር የሙሽሮቹ አልጋ ላይ አነጠፈችው። አዲሷ ምራት ይመኙሽ በእጇ ዳበሰችው።

«እንዴት ሸጋ ነው! ማን ሰፋው?»

ወልደኢየሱስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እኔ ነኝ ልጄ» አለች አባይነሽ። «አንቺስ ምን ሙያ አለሽ?»