ቀድማ ያለፈችው

መነጽር ሠሪዋ መራመድ የምትጠላ ሴት ነበረች። ሱቋ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስትወጣ መሐል ላይ ቆም ትልና ቁልፍ የምትፈልግ መስላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ይህን ነቅቶባት፣ ባለፈች ቁጥር «ዛሬም ቁልፉ ጠፋ?» እያለ ይስቅባት ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ቦርሳ አዝላ፣ አስጎብኚ ተከትላ፣ ከተራራ ተራራ ልትዞር ነው ሲባል የሰማው ሁሉ ቀልድ መሰለው።

የጉዞው ሐሳብ የእሷ ሳይሆን የታላቅ እህቷ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ «እቴቴ» የሚላት ይህች ታላቅ እህት ድሮ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ የማታውቅ፣ እግረ ቀላል ሴት ነበረች። ኩላሊቷ ታሞ አልጋ ከያዘች በኋላ ግን እስከ መስኮቱ ለመድረስ እንኳ ደጋፊ ያስፈልጋት ጀመር። ከአልጋዋ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። ዓመቱ ካለፈ በኋላም እንዲነሳ አልፈቀደችም። ሥዕሉ ጉም የሞላው ሸለቆ ነው፤ ከሸለቆው በላይ ገደል አፋፍ ላይ አንዲት የድንጋይ ጸሎት ቤት ጉብ ብላ ትታያለች። «ስድን የምሄደው እዚህ ነው» ትል ነበር። አልዳነችም።

ከቀብሩ በኋላ ትንሿ እህት ከሟቿ ጋር ማውራት ጀመረች። ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ሆና የመነጽር መስታወት ስትሞርድ፣ የዕለቱን ወሬ፣ የደንበኞቹን ጭቅጭቅ፣ የእናታቸውን ጤና ሁሉ ትነግራታለች። በመጨረሻ እናታቸው አንድ ቀን የቀን መቁጠሪያውን እያዩ፣ «እስቲ አንቺ ሂጂና እይላት» አሏት። የእናት ነገር ነውና እምቢ ማለት አልሆነላትም።

የተጓዦቹ ቡድን ትንሽ ነበር። አስጎብኚው ቀጠን ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ ጎልማሳ ነው። ከእሷ ሌላ ባልና ሚስት ጡረተኞች አሉ፤ ባልየው የባቡር ነጂ፣ ሚስትየው አዋላጅ ነበሩ። ባቡር ነጂው ሐዲድ የሌለው መንገድ ምኑም እንደማይጥማቸው ገና ከመነሻው አስታወቁ፤ ሚስታቸው ደግሞ ዝም ብለው እንዲራመዱ ነገሯቸው። ጓዙን የተሸከሙትን በቅሎዎች የሚነዳው ሰው ከኋላ ይከተላል።

የመጀመሪያው ማደሪያ ከሸለቆው አፍ ላይ ያለ የእንጨት ቤት ነበር። በሩ ሥር ጭቃ የጠጣ ጫማ ተደርድሯል፤ ቤቱ እርጥብ ሱፍ ሱፍ ይሸታል። ባለቤቲቱ ለሁሉም ሾርባ ቀድታ ስታበቃ የመነጽር ሠሪዋን ቦርሳ አንሥታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ መስኮት ሥር ካለው አልጋ ላይ አኖረችው። «የለመድሽውን አልጋ ነው ያስቀመጥኩልሽ» አለቻት። መነጽር ሠሪዋ እዚህ አገር ረግጣ እንደማታውቅ ነገረቻት። ሴትየዋ ፈገግ ብላ፣ እንግዳዋ የምትቀልድባት እንደመሰላት ሁሉ ሳህኖቿን ሰብስባ ሄደች። አስጎብኚውም ባለ ማረፊያ ቤቶች እንግዳን ሁሉ እንደ ዘመድ ማስመሰል ያውቁበታል ብሎ ነገሩን በሳቅ አሳለፈው።

በማግስቱ ከቀትር በፊት የአገሩ ሰው ቅዱስ ከሚለው ምንጭ ደረሱ። ውሃው ከአንድ ግዙፍ ቋጥኝ ሥር ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። የምንጩ ጠባቂ፣ ወገባቸው የጎበጠ አሮጊት፣ ጠርዙን ከቅጠል ሲያጸዱ አገኟቸው። አሮጊቷ ቀና ብለው ሌሎቹን ዘለው መነጽር ሠሪዋን አዩ።

«እግርሽ ተሻለሽ ልጄ?»

«እኔ ከዚህ በፊት መጥቼ አላውቅም፣ እማማ። ከሰው ተምታትቼብዎት ነው።»

አሮጊቷ ጠጋ ብለው ፊቷን በእጃቸው አቀኑት፤ ብዙ ጊዜም አዩዋት። ከዚያ አልተቃወሙም። አንቺ አይደለሽም፣ ግን ቁርጥ አንቺን ትመስላለች አሉ። ያችኛዋ ፊቷ የገረጣ፣ ጫማ ያልተጫማች፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ነበረች። የሹራቧ ክርን ተቀዶ በቡና ዓይነት ክር ተጠግኗል። እግሯን እዚሁ ምንጭ ውስጥ እየነከረች፣ ተረከዜ ተሰነጣጠቀ ብላ ትስቅ ነበር አሉ።

መነጽር ሠሪዋ ከምንጩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያንን ክርን በዚያ ክር የጠገነችው እሷው ራሷ ነበረች፤ ሰማያዊ ክር አጥታ። እቴቴም በመጨረሻዎቹ ወራት ከእንቅልፏ ስትነቃ እግሯን እንድታጥባት ትለምናት ነበር። «ደከመኝ፣ መንገዱ ረዘመብኝ» ትላለች። ቤተሰቡ በሽታው እያስቃዣት ነው ይል ነበር። ስታጥባት ግን ተረከዟ እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ታገኘው ነበር። አንዴ ደግሞ ከጣቶቿ መሐል ቀይ አፈር ወጥቶ ፎጣውን አቅልሞታል። እናታቸው ከአበባ ማሰሮው ይሆናል አሉ፤ ማሰሮውን የነካ ሰው ግን አልነበረም። እንደ ማንኛውም ነገር ተረሳ። አሁን ዓይኗን ወደ ገዛ ጫማዋ ብትጥል፣ ቀይ አፈር ለብሷል።

መቼ እንደመጣች ጠየቀቻቸው። በጎቹ በተሸለቱበት ወቅት ደጋግማ መጣች አሉ። አስጎብኚው ወቅቱን አስልቶ ነገራት፤ እቴቴ በዚያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

«ደግሞ ሰሞኑን መጣች» አሉ አሮጊቷ ወደ ሥራቸው እየተመለሱ። «አሁንስ እግሯ አያማትም።»

ሰሞኑን ማለት ከተቀበረች በኋላ ነው። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም። ቦርሳዋን አዝላ ቀድማ ተነሣች።

ከዚያ ወዲያ ቡድኑ የሚያውቃት ሴት ጠፋች። ያቺ በየመታጠፊያው የምትቆመው፣ ያቺ ውሃ ልጠጣ እያለች የምታርፈው መነጽር ሠሪ፣ ሽቅብ እንደተለቀቀ ፍየል ፊት ፊት ትሄድ ጀመር። ባቡር ነጂው ፍሬኗ ተበጥሷል አሉ። አስጎብኚው እየሮጠ ይደርስባትና ከፍታው እንደሚያሳምም፣ ቀስ ማለት እንዳለባት ይመክራታል፤ እሺ ትለዋለች፣ ወዲያው ትቀድመዋለች። በየመታጠፊያው ላይ ሰማያዊ ነገር ያየች ይመስላታል። ስትደርስ ወይ አበባ ነው፣ ወይ የሰማይ ቁራጭ። አንድ ቦታ ላይ ግን እርጥቡ አፈር ላይ የባዶ እግር ዱካ አገኘች። ጣቶቹ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ያመለክታሉ። ጎንበስ ብላ መዳፏን አኖረችበት። ሌሎቹ ሲደርሱ በበቅሎዎቹ ኮቴ ደመሰሱት።

ከሸለቆው በላይ፣ መንገዱ ከሚጠብበት ላይ ከአንድ ዋሻ ደረሱ። ድሮ አንድ ባሕታዊ የኖረበት ስፍራ እንደሆነ አስጎብኚው አስረዳ፤ ከድንጋይ የተጠረበ መኝታና የድንጋይ ትራስ አለው። የሚጠብቁት ሽማግሌ ወለሉን ጠርገው፣ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሌሎቹ ውስጡን ሲያዩ መነጽር ሠሪዋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ገና አፏን ሳትከፍት፣ «ታናሿ ነሽ» አሏት።

«አዎ፣ አባባ። የት አለች?»

«ወደ ላይ ወጣች። ትናንት እዚህ፣ አንቺ ከተቀመጥሽበት ላይ ነበረች።»

 ምን እንደምትል፣ ምን እንደምትፈልግ፣ ይከፋት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው መከፋት እንኳ አይታይባትም አሉ። ድካም ነው ያለባት። በላይ በኩል፣ ከጸሎት ቤቷ ማዶ መሻገር ትፈልጋለች። አፋፉ ላይ ስትደርስ ግን ከታች የሚጠራት ሰው አለ። ስትጠራ ደግሞ ጥሎ መሄድ አይሆንላትም፤ ተመልሳ እስከ ምንጩ ትወርድና መንገዱን እንደገና ከታች ትጀምረዋለች።

«የሚጠራት ማን እንደሆነ ነገረችዎት?»

ሽማግሌው ወደ እጃቸው አዩ። «ሰው የሚጠራው የወደደውን ነው» አሉ።

መነጽር ሠሪዋ ሱቋን አሰበች። መስታወቱን እየሞረደች፣ «ሰማሽ እቴቴ? ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ መሰለሽ» ያለችበትን ቀን ሁሉ አሰበች። ለካ እሷ ወሬ ስታወራ፣ ያቺ ገደል ለገደል ትመላለስ ኖሯል። 

ከዋሻው አጠገብ አድረው በማግስቱ ጠዋት ሲነሡ ጉሙ ሸለቆውን ደፍኖት ነበር። አስጎብኚው እስኪገለጥ ድረስ ማንም ወደ ጸሎት ቤቷ እንዳይወጣ አሳሰበ፤ ሻይ አፍልቶ ሁሉንም አስቀመጠ። መነጽር ሠሪዋ ፊቷን ልትታጠብ የወጣች መስላ ወጣችና መንገዱን ያዘች። ዳገቱ ላይ የራሷን ትንፋሽ እንጂ ሌላ አትሰማም። ጸሎት ቤቷ ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ አለች፤ ልክ እንደ ሥዕሉ ሳትሆን ትንሽ፣ ጥቁር፣ አንድ ጎኗ ያዘመመ ነበረች። ከጀርባዋ ቀጭን መንገድ በአፋፉ ላይ አልፎ ወደ ማዶ ይወርዳል።

መንገዱ ላይ ሰው ነበር። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሳትቸኩል ትሄዳለች። ሰማያዊ ሹራብ። ግራ ትከሻዋን ትንሽ ዘንበል ታደርጋለች፣ እቴቴ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደምታደርገው።

ስሟ ጉሮሮዋ ላይ መጣ። አንድ ጊዜ ብትጠራት ዞራ ታያታለች፤ ፊቷን ታያለች፤ ምናልባትም እጇን ትይዛለች። ሴትየዋም መንገዱ ማዶ የሚወርድበት ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች። አልዞረችም። ጆሮዋን ሰጥታ የምትጠብቅ ሰው አቋቋም ነው የቆመችው። መነጽር ሠሪዋ የአንገት ልብሷን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው፤ በጥርሷም ነከሰችው፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እንባዋ በአገጯ ይወርዳል። ድምፅ ግን አላወጣችም። ቀና ስትል መንገዱ ባዶ ነበር።

ኋላዋ ኮቴ ተሰማ። ጡረተኛዋ አዋላጅ እያለከለኩ መጡና አጠገቧ ቆመው ወደ መንገዱ አዩ።

«ያቺ ቀድማሽ የወረደችው ሴት ከእኛ ጋር ናት እንዴ?» አሏት።

መነጽር ሠሪዋ የአንገት ልብሱን ከአፏ አወጣች። ከእኛ ጋር አይደለችም አለቻቸው። አዋላጇ ብዙ ወላድና ብዙ ሟች ያዩ ሴት ነበሩ፤ ሌላ አልጠየቁም። ብብቷን ይዘው አነሷትና አብረው ወረዱ። አስጎብኚው ሊቆጣ አፉን ከፍቶ የሁለቱንም ፊት ሲያይ ተወው፤ ሻይ ቀዳላቸው።

ቤቷ ስትመለስ እናቷ በሩ ላይ ጠበቋት። ከስተሻል፣ ፀሐይ መታሽ፣ አሉ፤ ምግብ አቀረቡ። ከበላች በኋላ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሹራቡን፣ ዱካውን፣ ሽማግሌው ያሉትን፣ በአፋፉ ላይ እንዴት አፏን እንደያዘች። አበድሽ ይሉኛል ወይም ይስቁብኛል ብላ ፈርታ ነበር። እናቷ ግን ሳያቋርጡ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጧት። መጨረሻ ላይ፣ ከእንግዲህ ሱቅ ውስጥም ሆነ የትም እንደማትጠራት፣ ይህን ለእህቷ ማድረግ እንዳለባት ነገረቻቸው።

 እናትየው ወደ እቴቴ ክፍል በር አዩ።

«እኔ እኮ ጠዋት ጠዋት እጠራታለሁ» አሉ። «ቁርስ ሲደርስ። በሩን ገፋ አድርጌ። እየሰማችኝ ነው የመሰለኝ።»

 መነጽር ሠሪዋ እናቷን ዝም ይበሉ ማለት ከየት ይመጣላታል? ወንበሯን ስባ ተጠጋችና እጃቸውን ያዘች፤ እጃቸው ቀዝቅዟል። እናትየው እንደ ሕፃን ቀና ብለው አዩዋት።

«ቀስ ብዬ ብጠራትስ?» አሏት።