አያና ባሕሩን ያልተሻገረበት ቅዳሜ

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት፣ የልጄ የበላቸው ልጅ አያና ሚስት ሊያመጣ ተነሣ። የበላቸው መንደር በደምቢያ፣ ከጣና ዳር ነው፤ ሙሽራይቱ ያለችው ከማዶ። በታንኳ ቢሻገሩ ከግማሽ ቀን አይበልጥም፤ በእግር ዞረው ቢሄዱ ግን መንገድ ላይ ያድራሉ። ስለዚህ በላቸው ሰባት የደንገል ታንኳ አስደርድሮ፣ ሚዜና አጃቢ አሥራ አራት ሰው ለይቶ፣ ረፋዱ ላይ ሊያስነሣቸው ተዘጋጀ።

እኔ የምኖረው አዘዞ፣ ከልጅ ልጄ ከወለላ ጋር ነው። እናቷ በአራስነቷ ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ከአንቀልባ ከወረደች ጀምሮ ጉንፋኗን፣ እንቅፋቷን፣ የትምህርት ቤት መንገዷን ስፈራ ኖሬአለሁ። ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነፋስና ዝናብ ትለካለች። ለሰርጉ እኔ ሦስት ቀን ቀድሜ ወረድሁ፤ እርሷ ሥራ አለብኝ ብላ ቀረች።

የሰርጉ ዕለት፣ ቅዳሜ ጠዋት ግን በእህል ማኪና ላይ ተጭና ከተፍ አለች። አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ቀጥታ ወደ አጎቷ ወደ በላቸው ሄደች። ከባሕር ዳር በሬዲዮ በመጣው ወሬ፣ ሌሊት የተነሣ አውሎ ነፋስ የቤት ቆርቆሮ እየገፈፈ ነው አለችው። ወደ አዘዞ ይመጣ የነበረው አውሮፕላንም ከውሃው እስከ ሰማይ የቆመ ጥቁር ደመና አይቶ ተመልሷል። የእርሷም የአየር ግፊት መለኪያ ሲወርድ ነው ያደረው። ከቀትር በኋላ እኛ ዘንድ ይደርሳልና ማንም ውሃ ላይ እንዳይገኝ አለች።

ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል። በላቸው ቀና ብሎ አየና፣ "ይህን ሁሉ የለካሽው በምንሽ ነው ልጄ፣ በሹሩባሽ?" አለ። ሰው ሳቀ። የቀዛፊዎቹ አለቃ ባዬ ደግሞ፣ አያቷ ጤዛ ባየች ቁጥር ጎርፍ መጣ ትላለች፣ ልጅቱም ከእርሷ ወርሳ ነው አለ። ሐሰት አይደለም፤ እኔ በዕድሜዬ ስንት መንገደኛ በከንቱ አስቀርቻለሁ።

እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኋት። የፈራሁት ለአያና ብቻ አልነበረም። በአገራችን የሰርግ ቀን አይታጠፍም፤ ሙሽራው ሳይመጣ የዋለባት ልጅ ስሟ ይነሣል፣ ሁለቱ ቤቶች ይቀያየማሉ። ዝም በይ፣ ነፋሱ የቀረ እንደሆነ ሰርግ አፍራሽ ተብለሽ ትኖሪያለሽ አልኋት።

"ቢቀር እኔ ልፈር፣ እምዬ" አለችኝ። "ቢመጣ ግን አያና ይሞታል።"

 ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ዳሱ ተመለስሁ።

ሙሽራ ከቤት የሚወጣው የታላላቆቹን ጉልበት ስሞ፣ ተመርቆ ነው። የመጨረሻው ጉልበት የቤቱ ታላቅ፣ ማለት የእኔ ነበር። አያና የሁሉንም ስሞ እኔ ፊት ጎንበስ ሲል ነጠላዬን ጎትቼ ጉልበቴን ሸፈንሁት።

"ተነሣ፣ ልጄ። አሁን አልመርቅህም።"

ከበሮው ቆመ። የበላቸው ፊት ጠቆረ። "እናቴ፣ ምነው በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?"

"ወለላ ያለችው ሰዓት ይለፍ። ሐሰት ከሆነ ጥፋቱ የእናቴ ነው ብለህ ንገራቸው። ድንጋይ ተሸክሜ አማቾችህ ደጅ እወድቃለሁ።"

ሳይመረቅ የሚወጣ ሙሽራ የለምና ተቀመጡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የሚያናግረኝ ጠፋ፤ ሚዜዎቹ ጥላ ሥር ሆነው ያጉረመርማሉ። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባትም አለፈ። ለማርያምም ለገብርኤልም ተሳልሁ፤ ደግሞ አውሎ ነፋስ አምጡ ብሎ መሳል ኃጢአት እንደሆነ ትዝ አለኝና ደነገጥሁ። ወለላ ግን ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ልጆቹንና አሮጊቶቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን አስወጣች።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ቅጠል እንኳ መንቀሳቀስ ተወ። ባዬ ብድግ ብሎ ባሕሩን አየ። ታንኳውን ተሸክሞ ሽቅብ ሮጠ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጡ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሆነን ሰማነው እንጂ አላየነውም። ሲያባራ ዳሱ የለም፤ የሳር ቤቶች ጣሪያ እማሳ ውስጥ ወድቋል፤ ውሃው ዳር ከቀሩት ስድስት ታንኳዎች አምስቱ ተበጣጥሰው ዛፍ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ አንዱ ጠፍቷል። በላቸው አሥራ አራቱን ሰዎችና ልጁን በየስማቸው ጠርቶ "አቤት" አሰኛቸው። ከዚያ የሰርግ ካባውን አውልቆ፣ ሰው ስታስገባ በዝናብ ርሳ ለምትንቀጠቀጠው ለወለላ ደረበላት።

አያናን መርቄ፣ በማግሥቱ በእግር ተነሣን። ሰኞ ረፋድ ላይ ማዶ ስንደርስ እልልታ ሳይሆን ሙሾ ተቀበለን። የጠፋው ታንኳ ባዶውን እነርሱ ደጅ ደርሶ ኖሯል፤ አያናን ባሕር በላው ብለው ልቅሶ ተቀምጠዋል። ሙሽራይቱ ፀጉሯን ተላጭታለች። አያና ብቅ ሲል ሴቶቹ እንደ መንፈስ ሸሹት፤ ኋላ እልልታው አገሩን አናወጠው።

የሙሽራይቱ አባት አያ ወልደ ዮሐንስ አያናን አቅፎ እያለቀሰ፣ ማን አስቀራችሁ ሲል ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በላቸው ግን እኔን አልፎ ወለላን ክንዷን ይዞ ወደ ፊት አወጣት።

"ይቺ ናት" አለ። "የእህቴ ልጅ ናት። ሰማይ ትለካለች።"

አያ ወልደ ዮሐንስ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣት። እኔም ከኋላዋ ገብቼ ካባውን አንገቷ ድረስ ሳብሁላት፤ ያላበው ሰው ነፋስ ላይ አይቆምም።