የባሰበት ጣቢያ

«የእናንተማ ደረጃ አለው!» አለ ሐምዱ፣ የያዘውን የክር ጥቅል ባንኮኒው ላይ ዱብ አድርጎ። «ቢሸራረፍም ደረጃ ነው። የእኛን ሄደህ እየው እስቲ! ሲሚንቶው ረግፎ ብረቱ እንደ ጥርስ አግጥጧል። ትናንት የአንዱን ምስኪን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ተረተረው።»

«ሱሪማ ይሰፋል፤ እኔ ታዲያ ምን ሥራዬ ነው?» አለ ይገረም፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል። «የእኛን ጣራ ምን ታደርገዋለህ? እኛ ጋ ሲዘንብ ሰው ጃንጥላ የሚዘረጋው ጣቢያው ውስጥ ሲገባ ነው። ውጭ ሲወጣ ያጥፈዋል።»

«መብራታችሁስ? አምፖሉ አለ አይደል?»

«አለ። አይበራም።»

«ይኸው! የእኛን አምፖሉንም ወስደውታል። ወላሂ፣ የተሰቀለበት ሽቦ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱንም የዛሬ ሳምንት አታገኘውም።»

ለሸማ ተራ ጠብ ብርቋ አይደለም። ግን ነጋዴ የሚጣላው «የእኔ ይበልጣል» ብሎ ነው እንጂ «የእኔ ይብሳል» ብሎ ሲነታረክ ታይቶ አይታወቅም። የነገሩ ሁሉ መነሻ ባቡሩ ነው። ከተራው ሽቅብ ሲሄዱ አንድ፣ ቁልቁል ሲወርዱ አንድ ጣቢያ አለ፤ ሰው የላዩና የታቹ ይላቸዋል። ሁለቱም በዓምድ ላይ ከፍ ብለው የቆሙ ናቸውና ባቡር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ደረጃ መውጣት አለበት። ሲመረቁ እንደ ሙሽራ ቤት ያብረቀርቁ ነበር፤ ያ ሁሉ ማብረቅረቅ አሁን በፎቶግራፍ ብቻ ቀርቷል። ሰሞኑን ታዲያ የይገረም አማች ከባቡር መሥሪያ ቤት አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ከሁለቱ ጣቢያዎች አንዱ ሊታደስ ነው፤ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ይበቃል፤ የባሰበትን የሚመርጡ ሰዎችም ይመጣሉ። ሐምዱ የሚመላለሰው በላዩ ነው። ይገረም ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሶማሌ ተራ ወንድሙን አይቶ ስለሚመጣ በታቹ ይወርዳል። ጠቡ የተነሣው ከዚህ ነው።

«እትዬ ሠርኬ፣ እርስዎ ይፍረዱን!» አለ ሐምዱ።

እትዬ ሠርኬ በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ተቀምጠው ነጠላ ያጥፋሉ።

«እኔ ዳኛ መሆን አልችልም» አሉ። «ጉልበቴ ለላዩ ወግኗል።»

ሁለቱም ሳቁ። እሳቸው ግን ያሉት ከልባቸው ነበር።

እትዬ ሠርኬ በልጅነታቸው ከጎጃም መጥተው፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር አግብተው ወልደው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ በዚያችው ሱቅ ነጠላና ጋቢ ሲሸጡ ያረጁ ሴት ናቸው። የተክለ ሃይማኖቱ ቤት ለልማት ሲፈርስ ቃሊቲ አጠገብ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና ከልጃቸው ከመቅደስ ጋር ገቡ። ቤቱ መልካም ነው፤ ውኃም አልፎ አልፎ ይመጣል። ጎረቤቱ ግን በሩን ዘግቶ የሚኖር ጎረቤት ነው። ስለዚህ እትዬ ሠርኬ የሚኖሩት አሁንም ሸማ ተራ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቃሊቲ የሚሄዱት ለማደር ብቻ ነው።

አሁን ግን ደረጃው መጣባቸው። ከታቹ ጣቢያ እስከ ተራው ያለው ዳገት ለእሳቸው ጉልበት የሚሞከር አይደለም። የላዩ ጣቢያ አሳንሰር አለው፤ ሲንቀሳቀስ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። ታክሲ እንዳይሉ፣ የታክሲው ግፊያ ለጉልበት ከደረጃ ይብሳል። ባለፈው ክረምት ከረገፈው እርከን ላይ ተንሸራተው ወደቁና ሁለት ተሸካሚዎች እንደ ቦንዳ ጨርቅ አንሥተው አወረዷቸው። ስብራት አልደረሰባቸውም፤ ሆኖም ያን ዕለት ገበያተኛው ሁሉ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እየተባለ መንገድ ሲለቅላቸው የተሰማቸው ሐፍረት ከስብራት አያንስም። ሐኪሙ ጉልበታቸውን አይቶ «ደረጃ የሚባል ነገር ይቅርብዎ» አለ። መቅደስም ይህን ሰምታ እናቷን በንስሐ አባታቸው ፊት አስቀመጠችና ቃል አስገባቻቸው። አሳንሰሩ ከተሠራ እስከፈለጉ ድረስ ይነግዳሉ፤ እስከ ፋሲካ ካልተሠራ ግን ሱቁን ለጠይብ ያከራያሉ። ጠይብ የስልክ ሽፋን ነጋዴ ነው፤ ሱቋን በደጇ ባለፈ ቁጥር በዐይኑ ሲለካት ቆይቷል። ለልጅ የተገባ ቃል ይታጠፍ ይሆናል፤ በንስሐ አባት ፊት የተገባ ግን አይታጠፍም። እናም ሐምዱና ይገረም ስለ ጣቢያ ሲጨቃጨቁ እትዬ ሠርኬ የሚሰሙት ስለ ሱቃቸው ነበር።

ተራው የሚጠብቀው ቆብ የደፉ፣ ሜትር የሚዘረጉ መሐንዲሶችን ነው። ሐምዱማ ያገጠጠውን ብረት ከየትኛው አቅጣጫ ቢያሳይ እንደሚያስፈራ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አጥንቷል። የመጣችው ግን ታብሌት የያዘች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

ከተራው ጫፍ አንዱ «ዳመነ!» አለ። ቃሉ ከሱቅ ወደ ሱቅ ተቀባብሎ ከልጅቷ ቀድሞ ደረሰ። በሸማ ተራ «ዳመነ» ማለት የቀን ገቢ የሚገምት ሰው መጣ ማለት ነው። ሐምዱ ዋጋ የሚከራከሩ ሁለት ደንበኞቹን «ነገ፣ ነገ» እያለ ገፍቶ አስወጣ። ይገረም መኪናውን አቁሞ አገጩን በእጁ ደግፎ ተከዘ። እትዬ ሠርኬ ባለ ጥለቶቹን ነጠላዎች በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነው፣ ሁለት የደበዘዙ ጋቢዎች ሰቅለው፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ሳቡ። በዚህ ጥበብ የሚወዳደራቸው የለም። ከዓመታት በፊት አንድ ገማች እሳቸውን አነጋግሮ ሲያበቃ ለሻይ ብሎ ብር አስጨብጧቸው ሄዷል ይባላል።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ? ሐመልማል እባላለሁ። ለአጭር ጥናት ነው» አለች ልጅቷ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።» ጥናት ምን እንደሆነ ያውቁታል። ያለፈውም ገማች «ጥናት ነው» ብሎ ነበር የገባው።

«በቀን ስንት ደንበኛ ይመጣል?»

«ደንበኛ? ኧረ የኔ ልጅ! ዝንብም መንገድ ካልሳተ አይመጣ።»

«ከሚመጡትስ ስንቱ በባቡር ይመጣል?»

ባቡር ሲባል ልባቸው አንዴ ደንገጥ አለ። ግን ገማች ብልህ ነው፤ በፊት ለፊት በር አይገባም። ስለ ባቡር እያጫወተ የሚጠይቀው ስለ ገንዘብ ሣጥኑ ነው።

«በባቡርስ ማን መጥቶ? ጣቢያውም ባዶ ነው። ሰው አያልፍበትም።»

«እርስዎስ በየቀኑ በባቡር ነው የሚመጡት?»

በየቀኑ የምትመጣ ሴት በየቀኑ የምትሸጥ ሴት ናት።

«አልፎ አልፎ ነው እንጂ። ሱቁን ልዘጋው ምን ቀረኝ?»

«ደረጃው አያስቸግርዎትም?»

እዚህ ላይ እትዬ ሠርኬ ዘገዩ። እውነቱ ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። ዳሩ ግን ተቸገርኩ ያለ ሰው ቀጥሎ «ታዲያ ለምን ይመጣሉ?» መባሉ አይቀርም፤ የዚያ መልስ ደግሞ ገበያው ነው።

«ምን ያስቸግረኛል? የገጠር ልጅ ነኝ፤ እንደ ፍየል ነው የምወጣው።»

ልጅቷ ሳቀች። ታብሌቷን ነካ ነካ አድርጋ «ይባረኩ» አለችና ወደ ሐምዱ አለፈች። ሐምዱም «ገበያው ሞቷል» አላት። ከእሱ ወዲያ ያሉትም ሁሉ፣ አንዱ ቀብሩን፣ አንዱ ተዝካሩን እየጨመረ፣ ያንኑ ነገሯት።

እንደ ሄደች ተራው በሙሉ ተነፈሰ።

«እንደ ፍየል አሉ፣ እትዬ?» አለ ሐምዱ በሳቅ እየፈረሰ። «ዛሬስ ከራስዎም በለጡ!»

ከዚያ በኋላ የግብር ወረቀትም መሐንዲስም ሳይመጣ ሁዳዴ ገባ፣ ተጋመሰ። ሆሳዕና ሲቃረብ፣ ሸማ ተራ በሰው ተጨናንቃ እግር መርገጫ በጠፋበት ሰሞን፣ ሐመልማል ታብሌቷን ሳትይዝ መጣች።

«ዛሬ ለእናቴ ነጠላ ልገዛ ነው» አለች፣ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይታ። አንዱን ጥለት ወደ ብርሃን አውጥታ እያየች «ገበያው ግን እንዴት ደርቷል!» አለች።

«ለበዓል ነው» አሉ እትዬ ሠርኬ ቶሎ ብለው።

«ደስ ይላል። እኔኮ ያን ጊዜ የጣቢያውን ጥናት ስሠራ በጣም አዝኜላችሁ ነበር።»

«የምን ጣቢያ?»

«የባቡሩ ነዋ። የትኛው ይታደስ የሚለውን።»

የሐምዱ እጅ ክሩ ላይ ቀረ። የይገረም መኪና ድምፅም ቆመ።

ልጅቷ ነገሩን በቅንነት አስረዳች። መበላሸትማ ሁለቱም እኩል ተበላሽተዋል፤ መሐንዲሶቹ ሌሊት መጥተው አይተው ሊያበላልጧቸው አልቻሉም። ስለዚህ የሚለየው የተጠቃሚው ብዛት ሆነ። በታቹ ጣቢያ ሥር የሚቸረችሩት፣ ንግድ ፈቃድም ግብርም የማያውቁት፣ «ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው» ብለው በአንድ ድምፅ መሰከሩ። እዚህ ደግሞ ሰው አያልፍም ተባለ።

«የእርስዎንማ መልስ ሪፖርቱ ውስጥ አስገባሁት» አለች ለእትዬ ሠርኬ። «በዕድሜ የገፉ እናት እንኳ ደረጃው አያስቸግረኝም ብለዋል ብዬ። አለቃዬ በጣም ነው የወደደው። የላዩን አሳንሰር ሞተር ፈትተው ለታቹ ሊወስዱት ነው፤ እዚህ በከንቱ ከሚዝግ ብለው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እትዬ ሠርኬ ነጠላውን ከልጅቷ እጅ ቀስ ብለው ተቀበሉና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ዋሽቼሽ ነው። በየቀኑ ነው የምመጣው። ጉልበቴ አልቋል፤ ደረጃው ሊገድለኝ ነው።»

«ሰውማ በሺህ ነው የሚያልፈው!» ሲል ሐምዱ ዘሎ ገባ። «ገበያውም ይኸው፣ በዐይንሽ እያየሽው! ወላሂ ምሳ መብያ ጊዜ የለንም!»

«ታዲያ ያኔ ለምን እንደዚያ አላችሁኝ?»

«ግብር መስሎን» አለ ይገረም።

ሐመልማል ወደ እትዬ ሠርኬ ጉልበት አየት አደረገች። ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ «ሪፖርቱ ገና አልጸደቀም» አለች። «የዚህ ተራ ነጋዴዎች ‹ገበያችን ደርቷል፤ አብዛኛው ደንበኛችን በባቡር ነው የሚመጣው› ብላችሁ ብትፈርሙልኝ ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ። ብዙም አያስፈልግም። ስም፣ ፊርማና የንግድ ፈቃድ ቁጥር ብቻ።»

ሐምዱ ምንም እንዳልሰማ ሰው ክሩን እንደገና ያጠነጥን ጀመር።

«እኔ እፈርማለሁ» አሉ እትዬ ሠርኬ።

«የአንድ ሰው አይበቃም፣ እናቴ።»

«ሐምዱ?»

«እትዬ…» ሐምዱ ማጅራቱን አከከ። «እርስዎስ ቢፈርሙ ምን አለብዎት። እኛ ግን የልጆች አባት ነን። ገበያ ደርቷል ብለን፣ በፊርማችን፣ በፈቃድ ቁጥራችን? ነገ ይህ ወረቀት ማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚውል አላህ ያውቃል። ደግሞ… ጣቢያውም ቢሆን ያን ያህል አይደለም እኮ።»

«ብረቱስ?» አለ ይገረም።

«ብረቱን ካልረገጡት ምንም አይል። ጠርዝ ጠርዙን ይዞ መውጣት ነው።»

«አንተስ፣ ይገረም?» አሉ እትዬ ሠርኬ።

«እኔማ የታቹ ነኝ» አለ ይገረም፣ ዐይኑን ወደ ጨርቁ መልሶ። «ለእኔ ታድሶልኛል።»

እትዬ ሠርኬ ሊቆጡ ፈለጉ፤ ቁጣው ግን አልመጣ አላቸው። በሐምዱ ቦታ እሳቸው ቢሆኑ ያንኑ ይሉ ነበር፤ እንዲያውም አሳምረው። ነጠላውን ጠቅልለው ለልጅቷ ሰጧት፣ «እናትሽን ዓመት ዓመት ያድርስልሽ» አሏት። ሐመልማል ሒሳቡን ከፍላ በሰው መሐል ተሹለክልካ ጠፋች።

«በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኼ ነው» አለ ሐምዱ ከአፍታ በኋላ። «መጀመሪያ ዳመነ ያለው ማነው ግን? እሱን ነው የምፈልገው።»

«ከወደ ላይ ነው የመጣው» አለ ይገረም።

«የምን ከወደ ላይ! ካንተ ነው የሰማሁት!»

«እኔ የተባለውን አቀበልኩ እንጂ አልጀመርኩም።»

«ሆን ብለህ ነው! የታቹ እንዲታደስልህ! እንዴት እስካሁን አልገባኝም፣ ያ ረቢ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ደንበኞችህን ገፍተህ ያስወጣኻቸው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ድምፃቸው ከፍ ሲል ገበያተኛው ቆሞ ይሰማ ጀመር። እትዬ ሠርኬ በዚህ መሐል ጋቢዎቹን አንድ በአንድ አወረዱ። አጣጥፈው በአንሶላ ቋጠሯቸውና ከመደርደሪያው ሥር አስገቡ። ለፋሲካ ጥቂት ቀን ቀርቶ ነበር፤ ግን ቀኑን ደረጃ ላይ ቆሞ መጠበቅ ምን ይጨምራል? በሩን ስበው ዘጉት፣ ቆለፉት፣ ቁልፉን መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። አንዲት ገበያተኛ «ተዘጋ እንዴ?» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ወደሚቀጥለው ሱቅ ዞረች። እሳቸውም ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው፣ በሸክሞቹና በሕፃናቱ መሐል፣ ወደ ላይ መንገድ ጀመሩ።

«ምስክር አለኝ!» ይላል ሐምዱ፣ ክንዱን ወደ እትዬ ሠርኬ ሱቅ ዘርግቶ፣ ዐይኑን ከይገረም ላይ ሳይነቅል። «ይጠየቁ! እዚሁ አሉ!»