የባሕታዊው ድንጋይ

እኔ ፈሪ ነኝ። አርባ ምንጭ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ክፍል ውስጥ ስለ ጦርነት ሳወራ አንበሳ ነኝ። ሁለት ጊዜ ካስወረደኝ ወዲህ ግን ጥላዬም ያስደነግጠኛል። ሦስተኛውን አርግዤ አምስት ወር ሲሞላኝ፣ ከኦቾሎ ማዶ ካለችው የአባቴ መንደር ሽማግሌዎች መልእክት ላኩብኝ፦ «ቤታችሁ ውስጥ የተደበቀ ጎሜ አለ። ፈልጋችሁ አውጡት።»

ጎሜ ሳይናዘዙት የቀረ በደል ነው። አባት ይሠራዋል፣ በልጅ ይወጣል። ባለቤቴ እንድሪያስ ሲሰማ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ እንቅልፍ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አጣሁ።

ቤታችን የሚኮራበት እንጂ የሚያፍርበት ታሪክ አልነበረውም። በጥንት ዘመን ጦር ከቆላ ሲወጣ አንድ ባሕታዊ ገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ገባ፤ ድንጋዩን ከውስጥ ዘግቶ እስከ ዛሬ ይጸልያል ይባላል። የመጨረሻውን ውሃ ያቀበለው የእኛ ቅድመ አያት ነው። በእሱ የተነሣ አባቴ ጋሻዬ በዱቡሻው፣ በመንደሩ መሰብሰቢያ ሜዳ፣ የክብር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እውነቱን ስጠይቀው «የአባት ነገር አይቆፈርም» ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ለታሪክ አስተማሪ ይባላል?

ወደ አባቴ መንደር ሄጄ፣ ሰው ሁሉ ጨንቻ ገበያ በወጣበት ቀን ብቻዬን ወደ ዋሻው ወረድኩ። ያለፈው ክረምት ናዳ የድንጋዩን ጥግ ሸርፎ ቀዳዳ ከፍቶ ነበር። ሆዴን ይዤ «ይቅር በለኝ» አልኩ፤ ባሕታዊውን ይሁን ልጄን አላውቅም።

ሆዴ አላስገባ ስላለኝ አንገቴን ብቻ አስገብቼ የስልኬን መብራት አበራሁ። አጽሙ ለጸሎት ጥግ አልያዘም። እዚያው በሩ ሥር ተኮራምቷል። ድንጋዩ ከውስጥ በኩል እስከ ሰው ቁመት ድረስ ተቧጭሯል። አንገቴን መልሼ ጠርዙን በጣቴ ዳሰስኩ። የድንጋይ ሽብልቆች በጭቃ ተለስነው ገብተዋል፤ የገቡት ግን ከእኔ በኩል ነው። ከውስጥ የዘጋ ሰው ሽብልቁን ከውጭ አይመታም።

«አየሽው?» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። አባቴ ነው፤ ገበያ ሳይሄድ ተከትሎኝ ኖሯል። አልተቆጣም፤ ይበልጥ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»

«አባቴ ሊሞት ሲል በጆሮዬ ነገረኝ። ጦሩ ባሕታዊውን ካልሰጣችሁኝ መንደሩን አቃጥላለሁ አለ። ቅድመ አያታችን እዚህ ደብቆት ‹ሞቷል› ብሎ ማለ። ጦሩ ሲሄድ ቢከፍትለት በሐሰት የማለ ሊባል ነው። መሐላው እውነት እንዲሆን ተወው።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛ ቤት ወጊውም አልረሳም።

«ብርቅዬ፣ ልጄ፣ ዝም በይ» አለኝ። «ካወራሽ ከድንጋዬ ያስነሡኛል።»

ልጄ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ዋሻውን መፍራት ተውኩና ራሴን ፈራሁ። ዝም ማለት በጣም ቀላል ነበር።

በማግስቱ እርጥብ ሳር ነጭቼ በሁለት እጄ ይዤ ዱቡሻው መሐል ቆምኩ። ልማዱ የታወቀ ነው፤ በዳይ ሳር ይዞ ይቆማል፣ የተቀመጡት «ይቅር ብለናል» ይላሉ፣ ጎሜው ይወጣል።

«ቅድመ አያታችን ውሃ አላቀበለውም» አልኩ። «ድንጋዩን ከውጭ ዘግቶ ገደለው።»

አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እርግማን ጠበቅኩ። ከዚያ በዕድሜ ሁሉን የሚበልጡት አባባ ጉግሳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ጎንበስ ብለው ሳር ነጩ።

«ሽብልቁን የመቱት የእኛዎቹ ናቸው» አሉ። «አባቴ በጆሮዬ ነግሮኛል።»

ከኋላቸው ሌላ ሽማግሌ ተነሣ። «ጭቃውን ያቦኩት የእኛዎቹ።»

«ጩኸቱ እንዳይሰማ ከበሮ የመቱት ደግሞ የእኛዎቹ» አለ ሦስተኛው፤ እንባው ጺሙን አርሶታል።

ሁሉም ሳር እየነጨ ተነሣ። ፍርሃት ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣብኝ። አባቴም ጋቢውን ገልጦ ዙሪያውን አየ፤ ከክብር ድንጋዩ ወርዶ እጁን ወደ ሳሩ ዘረጋ።

ሆዴን አቅፌ ተዟዟርኩ። «ይቅር ብለናል» የሚለኝ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ፈለግሁ። ተቀምጦ የቀረ ማንም አልነበረም።