የዓርብ ባሕር

እናቴ አርፋ ስትቀመጥ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። መቀመጡንስ ትቀመጣለች፤ ግን የወንበሩ ጫፍ ላይ ነው፣ አሁን ስሟ እንደሚጠራ ሰው። ሻይ ትይዝና ሁለቴ ፉት ሳትል ብርጭቆ ላጥብ ብላ ትነሳለች። ሰው ቤት እንግዳ ሆነን ሄደን እንኳ የበላንበትን ሳህን ልታነሳ ስትል እጇን ይዘን ነው የምናስቀምጣት። ዘንድሮ ግን ቆርጬ ተነሳሁ። ወደደችም ጠላችም እናቴን እረፍት እወስዳታለሁ።

የት? ባሕረ ሰላጤው ዳር ያለችው ያቺው ዋና ከተማ ነዋ! እናቴ ጉልበቷን የጨረሰችባት ከተማ። እኔ ፊደል ስቆጥር ሄዳ፣ የቁመቷን ያህል ከሆንኩ በኋላ ነው የተመለሰችው። ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ እንደነበር እናውቃለን። ያም ሆኖ ዓርብ የሚባል ቀን ነበራት። ዓርብ ማታ ወደ አክስታችን ሱቅ ትደውላለች፣ አክስታችን ስልኩን ጮክ አድርጋ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጥልናለች፣ እናቴም ወሬዋን ትጀምራለች።

«ዛሬ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ዋልኩላችሁ። ውሃው አረንጓዴ ነው። ነጫጭ ወፎች መጥተው ዳቦ ከእጄ በሉ!» ሌላ ዓርብ ደግሞ፣ «በሙዚቃ የሚጨፍር ፏፏቴ አየሁ» ትላለች። ወይም፣ «ቀይ አይስክሬም በላሁ፤ ምላሴ እንዴት እንደቀላ ብታዩ!»

ታናሽ ወንድሜ በሳቅ ይንከባለላል። እኔ ግን ሆዴ ቂም ቋጠረ። እኛን ለአክስት ጥላ ከወፍ ጋር ትጫወታለች ብዬ በባሕሩ ቀናሁ። ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ በውሃ ቀናሁ። እስከ ዛሬ፣ ይኸው ሽበት ማብቀል ጀምሬ፣ ያ ባሕር ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ጉዞው ለእናቴ እረፍት ብቻ ነው ብል ውሸቴን ነው። ከእኔ ያስበለጠችውን ቦታ በዓይኔ ማየት፣ አጠገቧ መቀመጥና ከዚያ በኋላ ነገሩን መተው ፈልጌ ነው።

ሥራዬ ስምሪት ነው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድም መኪና እኔ ሳላውቅ ከግቢ አይወጣም። ቁልፎቹ ሁሉ ከጀርባዬ ሰሌዳው ላይ ተሰቅለዋል። የት እንደሚሄድ፣ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚመለስ ያላስመዘገበ ሾፌር እንኳን ቁልፍ ሰላምታም ከእኔ አያገኝም። «ጉምሩክ» እያሉ ያሙኛል፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። ጉዟችንንም ያቀድኩት በዚሁ በለመደ እጄ ነው። ዓርብ ጠዋት ባሕር ዳር፣ ቀጥሎ ወፎች፣ ቀጥሎ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ መዝናናት፣ ማታ ፏፏቴ። ለእያንዳንዱ መነሻና መመለሻ ሰዓት አለው። ፓስፖርትና የክፍል ቁልፍ፦ እኔ ጋ።

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቤቱ ቢቃጠል የጀመረውን ፀጉር ሳይጨርስ የማይወጣ፣ ከእኔ ጋር አንድ ማህፀን መተኛቱ የሚያጠራጥር ሰው። ዕቅዴን አነበበና አገጩን አከከ።

«እታለም፣ ይሄ እረፍት ነው ዘመቻ?»

«ዝም ብለህ አንብብ።»

«ከምሳ በኋላ መዝናናት ይላል። በተባለው ሰዓት ያልተዝናና ምን ይደረጋል? ደመወዙ ይቆረጣል?»

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። የጨነቀኝ እሱ አልነበረም፤ እናቴ ናት።

ጉዞውን ስነግራት እሺም እምቢም አላለችም። «ደግ» አለችና ታጥበው የተደረደሩትን ብርጭቆዎች አውርዳ እንደገና አጠበቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሰባት። መጋረጃ ታወርዳለች፣ ትሰቅላለች። ቁምሳጥን ትከፍትና የከፈተችበት ይጠፋታል። በየመሐሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጣል ታደርጋለች።

«ሆቴሉ ውስጥ አልጋ የሚያነጥፈው ማነው?»

«ሠራተኞቹ ናቸዋ እማዬ።»

«ዓርብም?»

«ዓርብም።»

ፊቷን ቅጭም አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ተራዬን ስጠይቃት ደግሞ የሚጨበጥ ነገር የለም። ባሕሩ ጋ ስትሄጂ በየት በኩል ነበር የምትቀመጪው? «ባሕር ባሕር ነው፤ ምን በየት በኩል አለው።» ወፎቹን የምታበያቸውስ? «ረሳሁት ልጄ።» ፏፏቴው ከቤትሽ ይርቃል? «ወጡ እንዳያርብኝ!» ምድጃው ላይ ወጥ አልነበረም።

የጎረቤት ልጅ ስትዳር የለበሰችውን ቀሚስ ጥለት ሳትሳሳት የምትናገር ሴትዮ፣ ዓርብ ዓርብ የዋለችበትን ባሕር ረሳሁት ስትለኝ ምን ልበል? ደበቀችኝ አልኩ። ያንን ባሕር ለብቻዋ ልታስቀረው ነው አልኩ። በሥራ ሰዓት ሁሉ ይኼው ሲመላለስብኝ፣ ለአንዱ ሾፌር የሌላውን ቁልፍ ሰጥቼው ግቢው ውስጥ ሲዞር ቆየ። እንዲህ ያለ ስህተት ከእኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ሾፌሮቹም አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።

እሑድ ከሰዓት እናቴ ቤት ተሰበሰብን። አንድ ያልነገርኳት ነገር ነበረኝ። ያኔ ብርድ ልብስና ጫማ ሞልታ በላከችልን ካርቶን ላይ የኖረችበት ቤት አድራሻ ተጽፎ ነበር፤ አክስታችን ካርቶኑን እስከ ዛሬ ልብስ ታስቀምጥበታለች። እዚያው መንገድ ላይ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ማለት ይቻላል፣ ሆቴል አግኝቼ ክፍል አስይዤያለሁ። መስኮት ስትከፍት የድሮ ሰፈሯን እንድታይ! በዚህ ብልሃቴ ኮርቼ ልፈነዳ ደርሻለሁ።

የመንገዱን ፎቶ ስልኬ ላይ ከፈትኩና ከጎኗ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ሶፋው ላይ ተጋድሟል።

«እማዬ፣ ገምቺ እስቲ። ይሄ የት ነው?»

መነጽሯን አደረገች። ረጅም ግንብ፣ ሰማያዊ የብረት በር፣ ከግንቡ በላይ የወጣ ዘንባባ።

«እንጃ።»

«ደህና አድርገሽ እዪው።»

«አላውቀውም የኔ ልጅ።»

«እንዴት አታውቂውም? የኖርሽበት ቤት ነው! ይሄ በር እኮ በሩ ነው! ያን ሁሉ ዘመን የገባሽበት፣ የወጣሽበት በር!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ለእኔው ተሰማኝ። ወንድሜ ቀና ብሎ ተቀመጠ።  እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች፣ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ጣቷን በግንቡ ላይ ወደ ላይ እየሳበች ሄደች። ጣሪያው ሥር ፍርግርግ ያላት አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረች። ጣቷ እዚያ ቆመ።

«ይቺ የኔ ናት» አለች። «ከውጭ በኩል አይቻት አላውቅም።»

ለጊዜው የሰማሁት ነገር አልገባኝም። «እንዴት ከውጭ አላየሻትም?»

«ስመጣ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ገብቶ ነው ያወረደኝ። ስመለስም እዚያው ተሳፈርኩ።»

«በመሐልስ?»

«በመሐል ሥራ ነበረ።»

«ዓርብስ?»

«ዓርብ አሠሪዎቼ ይወጣሉ። ቆልፈው።»

ይህን ስትል ምሬት እንኳ የለባትም፤ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስላል። ባሕሩስ ልላት አስቤ ያቺን መስኮት አየሁ። ወንድሜ ነው የጠየቃት፤ «ወፎቹስ እማዬ?»

«የልጆቻቸው ናቸው» አለች። «ከባሕር ሲመለሱ እግራቸውን ሳጥብ ጫማቸው ውስጥ አሸዋ አለ። ዛሬ ምን አያችሁ እላቸዋለሁ። ትንሿ ወሬኛ ነበረች፤ አንድም አታስቀርብኝም። አይስክሬሙም የሷ ነው። ምላሷን አውጥታ አሳየችኝ። ማታ ስልክ ሲፈቀድልኝ ለእናንተ ነገርኳችሁ።»

«ለምን?» አልኩ።

«ታዲያ ምን ልበላችሁ? ቆልፈውብኛል ልበላችሁ? ልጆች አልነበራችሁም?» ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። «የወንድምሽ ሳቅ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። የእሱን ለይቼ የአንቺን ስፈልግ ግን አላገኘውም። እሷ ትልቅ ልጅ ናት፣ በሆዷ ነው የምትስቀው እል ነበር። ትስቂ ነበር አይደል?»

ባንኮኒው ሥር ጉልበቴን አቅፌ፣ አፌን ገጥሜ የተቀመጥኩባቸው ዓርቦች በዓይኔ መጡ።  ወንድሜ ያውቃል፤ አጠገቤ ነበር። መሬት መሬቱን አየ።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «እስቅ ነበር።»

«አውቄዋለሁ» አለች፤ ፊቷ በራ።

መቀመጥ አልቻልኩም። ተነስቼ ክፍሉ ውስጥ ላይ ታች አልኩ፤ ከዚያ እንባዬ እንዳይታይብኝ ስልኩን ከጉልበቷ ላይ ነጠቅኩና ጎንበስ አልኩበት። «እሰርዘዋለሁ። አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ። ሌላ አገር እንሄዳለን። የዚያችን ከተማ አፈር አንረግጥም!»

«ማን ሰርዢ አለሽ?»

«እማዬ…»

«ከዚህ ሰፈር አንሺን እንጂ ማን ሰርዢ አለሽ? ወደ ባሕሩ አስጠጊን። ያቺ ልጅ ስትዋሸኝ ከነበረስ? እኔ ያቺን ወፍ ከእጄ ዳቦ ስትበላ ካላየሁ አላምንም። ያን ሁሉ ዓመት በሰው ወሬ ነው ያወራሁት።»

ወንድሜ ሳቀ፤ ያው የድሮ ሳቁ ነው፣ ተንከባለለ። እኔም ሳቅሁ፤ ከእንባ ጋር የወጣ አስቀያሚ ድምፅ ነበር፣ ቢሆንም ሳቅ ነው። እናቴ ሰማችው። እጄን ይዛ ጎተተችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

ዕቅዱን አወጣሁ። ከዓርብ ላይ የመመለሻውን ሰዓት ሰረዝኩ። በሥራ ዘመኔ የመመለሻ ሰዓት ሳልይዝ ያስወጣሁት ነገር የለም፤ እስክሪብቶው እጄ ላይ ከበደኝ። እናቴ ከትከሻዬ በላይ እያየች ጥያቄዋን ቀጠለች።

«ሆቴሉ በር ላይ ማን አለ?»

«ዘበኛ ይኖራል።»

«መውጣት ስፈልግ ለእሱ ነው የምናገረው?»

«ለማንም አትናገሪም።»

«ቢመሽስ?»

«ቢመሽም።»

 ጣቶቿ የቀሚሷን ጎን ይዳብሱ ጀመር።

«የክፍሉን ቁልፍ ማነው የሚይዘው?»

ወረቀቱ ላይ እኔ ጋ ይላል፤ በገዛ እጄ፣ ከሥሩ አስምሬበት። ወንድሜ አየኝ። በመዳፌ ሸፈንኩት።

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

እናቴ የወንበሩን ጫፍ ለቅቃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ጀርባዋን አስደገፈች፣ እግሯን ዘረጋች። ሻይዋ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዟል፤ ብርጭቆውን አላየችውም።

«እንግዲያውስ» አለች፣ «ኪስ ያለው ቀሚስ አሰፉልኝ።»